ያ ጭስ የማን ነው?

ከድጃ ሲስተር ወይንሸትን ገና ከሩቅ እንዳየቻት ጠረጠረቻት። አንደኛ፣ ሴትዮዋ ብቻዋን ነበረች። የመንግሥት ሰው ብቻውን አይመጣም፤ ከመጣም ሌሎቹ የሆነ ጥግ ይዘዋል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መዝገብ አልያዘችም። ሦስተኛ፣ ፈገግ ትላለች። ከሦስቱ የባሰው ይኸኛው ነበር።

ጊዜው ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ነው፤ ቦታው ከቦኖሻ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ያለች አንዲት ቀበሌ፤ ቀኑ የገበያ ቀን። ከድጃ በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ቅቤ ፊቷ ደርድራ ተቀምጣለች። ተራ ቅቤ ሻጭ እንዳትመስላችሁ፤ የዊጆው እናት ናት። ዊጆ የሴቶቹ የቅቤ ማኅበር ነው። ሃያ ስድስት ሴቶች በየሳምንቱ ቅቤ ያመጣሉ፣ በአንድ ቅል ይለካል፣ የተሰበሰበው ሁሉ ለባለ ተራዋ ይሰጣል። ባልም አያገባውም፣ ቀበሌም አያገባውም። ከዚያ ቅል ያጎደለች ሴት እስከ ልጅ ልጇ ትታማለች፤ ስለዚህ ማንም አያጎድልም። ቅሉን የምትይዘው ከድጃ ናት።

"እትዬ ከድጃ እርስዎ ነዎት?" አለች ሲስተር ወይንሸት ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብላ። የጠየቀቻት በሀዲይኛ ነበር፤ የተሰባበረ ሀዲይኛ፣ ግን ሀዲይኛ። አባቷ ከሰሜን የመጡ አስተማሪ ናቸው፤ እሷ ሆሳዕና ተወልዳ እዚያው ነው ያደገችው። ከድጃ ይኸንንም ከጥርጣሬዋ ላይ ጨመረችው። ቋንቋችንን የተማረች ምን ልትሰማ ነው የመጣችው?

"ከሀቢቾ በኩል በሽታ እየመጣ ነው" አለች ሲስተሯ። "ማጅራት ገትር። ትኩሳትና ራስ ምታት ይጀምራል፣ ከዚያ አንገት ይደርቃል። ጊዜ አይሰጥም። ግን ክትባት አለው፤ ከአንድ ዓመት ሕፃን እስከ ሠላሳ ዓመት ሰው ድረስ ይከተባል።"

እስከ ሠላሳ ዓመት ሲባል የከድጃ ልብ ስንጥቅ አለ።

"ወንዱም?"

"ወንዱም ሴቱም።"

"አሃ" አለች ከድጃ፣ ቅቤዋን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ።

አይፈረድባትም። አምና ሰኔ ላይ ቀበሌው ለወጣቱ ኳስና ማሊያ ያድላል ተብሎ ጡሩምባ ተነፋ። ወጣቱ እየተጋፋ አዳራሽ ገባ። በሩ ተዘጋ፤ በጓሮ በኩል ደግሞ አይፋ መኪና ቆሞ ነበር። አሥራ አንድ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተጭኖ ሄደ። ከሁለቱ ደብዳቤ መጣ፣ ከዘጠኙ ምንም የለም፤ ኳሷንም እስከ ዛሬ ያያት ሰው የለም። የከድጃ የበኩር ልጅ አወል ያን ቀን ቅቤ ጭኖ ሆሳዕና ሄዶ ስለነበር ተረፈ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማታ ሲመለስ እናቱ መንገድ ላይ ጠብቃ ወደ ቤት ሳታስገባው ወሰደችው። ለጠየቃት ሁሉ "ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ ሄደ" አለች። ይኸው ስምንት ወሩ።

አወል ወንጂን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የነበረው ከመንደሩ በታች፣ ከገደሉ ሥር፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ነው። አገሬው ለእነሱ ሌላ መጠሪያ ነበረው፤ እዚህ ባይደገም ይሻላል። በየቤቱ ያለው ማሰሮና እንስራ ሁሉ የእነሱ እጅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ሠሪዎቹ ግን ከደጃፍ አያልፉም፤ ውኃ ቢጠማቸው በቅጠል ነው የሚቀዳላቸው። መንደር ምሥረታ ሲመጣና ቤቱ ሁሉ በገመድ ተለክቶ ሲሰለፍ ለእነሱ ቦታ አልተሰጠም። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲያድል ስማቸው አይጠራም። አብዮት ጥበቃ ቤት ለቤት ሲፈትሽም እነሱ ጋ አይወርድም፤ ይጸየፋል። ከድጃ ይኼን ታውቅ ነበር፤ ታዲያ በእነዚያ ሰዎች ቤት ውኃ እንኳ ቀምሳ የማታውቅ ሴት፣ ወርቅዬ ለምትባል ሸክላ ሠሪ ልጇን አስረክባ ተመለሰች።

ወርቅዬ "ከልጆቼ ጋር ይበላል" ብላ ብቻ ነው የተቀበለችው።

ሲስተር ወይንሸት በማግስቱ የዊጆውን ሴቶች በከድጃ ግቢ ሰበሰበች። ሃያ ስድስቱም መጡ፤ የመጡት ለመስማት ሳይሆን እርስ በርስ ለመጠባበቅ ነው።

"እውነቱን ልንገራችሁ" አለች። "ዕቅዱ ሆሳዕና ነው የወጣው። ስድስት ሆነን ጽፈነው ነበር፤ ከስድስታችን የዚህ ሰፈር ሰው አንድ የለም። ሕዝቡ ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ስምና ዕድሜውን አስመዝግቦ ይከተባል ይላል።"

አዳራሽ ሲባል ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። አንዷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ገብቶኛል" አለች ሲስተር ወይንሸት። "የኳሱን ነገር ሰምቻለሁ። ለዚህ ነው እናንተን ልጠይቅ የመጣሁት። የት ይሁን?"

"ከገበያው ዋርካ ሥር፣ በጠራራ ፀሐይ። መኪና ከየትም ቢመጣ ከሚታይበት" አለች ከድጃ።

"ይሁን።"

"አብዮት ጥበቃ አይቁም።"

"እነግራቸዋለሁ።"

"ስም አይጻፍ።"

"አይጻፍ። ግን ስንት ክትባት እንደማመጣ ማወቅ አለብኝ፤ ሆሳዕና ያለው ትንሽ ነው፣ በቁጥር ነው የሚሰጡኝ። የቀበሌው ዝርዝር እንደሆነ በዚህ ሰፈር ጎረምሳ የሚባል አልተፈጠረም ይላል።"

ሴቶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ከድጃ ግን አልሳቀችም። የመንግሥት ሰው ክፉ ሲናገር ታውቅበታለች፤ ያሉትን ሁሉ እሺ የሚል ሰው ግን ገጥሟት አያውቅም። ስለዚህ እንቢ እንድትላት ብላ አንድ ነገር ወረወረች። "በባቄላ እንቁጠር። እያንዳንዷ እናት ከዊጆው ቅል ውስጥ በልጇ ቁጥር ባቄላ ትጣል። ማን ስንት እንደጣለች አንቺ አታይም። ፊትሽን ትመልሻለሽ።"

ሲስተር ወይንሸት ተነሥታ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

ከድጃ ደነገጠች። ግን አንዴ ከአፏ ወጥቷል። ቅሉ ዞረ፤ ባቄላው ጧ፣ ጧ አለ። በዊጆው ቅል የሚዋሽ ስለሌለ፣ ሴቶቹ ጣሪያ ላይ የሚተኛውንም፣ እህል ጎተራ ውስጥ የሚውለውንም ጎረምሳ ቆጥረው ጣሉ። ቅሉ ከድጃ ጋ ደረሰ። ለልጇ ለጀሚላ አንድ፣ ለሁለቱ ትንንሾች ሁለት። አራተኛዋ ባቄላ ጣቶቿ መሀል ቀረች። እጇን ጨብጣ ቅሉን አስቀመጠች።

"ከዊጆው ውጪ ያሉትስ?" አለች ሲስተር ወይንሸት ዞር ብላ። "የጨው ነጋዴው ሚስት ወይዘሮ ከበቡሽ፣ የአስተማሪዎቹ ቤት፣ እነሱ በዊጆ የሉም።" ለእነሱም ባቄላ ተላከ፤ ተቆጥሮ መጣ። "ሌላስ? ማን ቀረ?"

"ማንም አልቀረም" አለች ከድጃ።

ሲስተሯ በአጥሩ በላይ አሻግራ አየች። ከገደሉ በኩል ወፍራም ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ወርቅዬ ሸክላ የምትተኩስበት ቀን ነበር።

"ያ ጭስ የማን ነው?"

ከድጃ ቅሉን ወደ ራሷ ሳበች። እንግዲህ ይኼ ነው የመጣችበት! ዋርካውም፣ ባቄላውም፣ ጀርባ መስጠቱም ለዚች ለአንዲት ጥያቄ ኖሯል። አንድ ሰው ነግሯታል። ከሃያ አምስቱ የትኛዋ? አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

"ገበሬዎች ናቸው፤ ቁጥቋጦ እያቃጠሉ ነው" አለች።

"ያ ማሰሮ ግን አዲስ ነው" አለች ሲስተሯ በደጃፉ የተደፋውን እያሳየች። "ሸክላ ሠሪዎች በአካባቢው የሉም?"

"ከሀደሮ ነው የሚመጣው።"

ከሃያ አምስቱ ሴቶች አንዷ እንኳ "ኧረ አለ" አላለችም። የአወልን ነገር የሚያውቅ ማንም አልነበረም፤ ዝም ያሉት በሌላ ምክንያት ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ከተቆጠሩ ከዋርካው ሥር አብረው ሊሰለፉ፣ ልጆቻቸው ከሴቶቹ ልጆች ጋር ትከሻ ለትከሻ ሊጋፉ ነው። ይኼ ደግሞ ማንንም ደስ አላሰኘም። ከድጃ ልጇን ለመደበቅ የተናገረችው ውሸት የሁሉም ውሸት ሆነ፤ ስለዚህም እንደ እውነት ቆመ።

ሲስተር ወይንሸት ጭሱን ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ቁጥሩን ጻፈች። መቶ ሰባ ሦስት።

በክትባቱ ቀን ከድጃ ከማለዳ ጀምራ ቅቤዋን ዘርግታ የቦኖሻን መንገድ ስትጠብቅ ዋለች። አቧራ በተነሣ ቁጥር ልቧ ይነሣ ነበር። አንዴ የእህል መኪና አለፈ። አንዴ ከብቶች። አይፋ አልመጣም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አሳምነው ጸሐፊውን አስከትሎ መጣና "ለማስረጃ ያህል ስም ብንይዝስ?" አለ። ሲስተር ወይንሸት መርፌውን እንደያዘች "ጓድ አሳምነው፣ ስም ከተያዘ ይኼ ሰልፍ አሁን ይበተናል፤ በሽታው ከገባ ደግሞ የእርስዎ ልጆችም እዚሁ ናቸው" አለችው። ጓድ አሳምነው አንገቱን አክኮ ሄደ። ከጣሪያና ከጎተራ የወረዱት ጎረምሶች ክንዳቸውን እያሹ በመጡበት ተመለሱ፤ ማንም አልነካቸውም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰልፉ ሲያልቅ፣ የከድጃ ጥርጣሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ላላ። ሴትዮዋ እውነቷን ነው እንዴ? ተነሥታ ወደ ዋርካው ሄደች።

"የተረፈ አለ?" አለች፣ ነገሩን እንደዋዛ አስመስላ።

"በባቄላችሁ ልክ ነው የሰጡኝ፤ አለቀ።" ሲስተር ወይንሸት የበረዶ ሳጥኑን ከፍታ አሳየቻት። "የቀረባችሁ ሰው አለ እንዴ እትዬ ከድጃ?"

አሁን ብትናገር ምን ነበር! ቃሉ ከጥርሷ ደርሶ ነበር። ግን ጓድ አሳምነው ከሱቁ በር ቆሞ ያያታል።

"ኧረ የለም። እንዲሁ ነው" አለች።

"ከሁለት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ። ያኔ የቀረ ካለ ንገሩኝ።"

ሁለት ሳምንት ምን አላት፤ ስምንት ወር የቆየ ልጅ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ከድጃ እንዲህ ብላ ራሷን አረጋጋች።

በአሥረኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ ሰው ከአጥሩ ውጪ "እትዬ! እትዬ!" አለ። ወርቅዬ ነበረች። ስምንት ወር ሙሉ በቀን ብርሃን ወደዚያ ቤት መጥታ አታውቅም። እጇ እስከ ክርኗ የደረቀ ጭቃ ነው፤ ከሥራ እንደተነሣች ነው የመጣችው። እንዲያም ሆኖ ከአጥሩ አላለፈችም።

"ምን ሆንሽ? ሰው ያይሻል!" አለች ከድጃ።

"ይየኝ" አለች ወርቅዬ። "ታናሿ ልጄ ዛሬ ጠዋት ሞተችብኝ። ሰባት ዓመቷ ነበር። ትናንት ጭቃ እያቦካችልኝ ነበር፤ ራሴን አለች፣ ማታ አንገቷ ደረቀ። ያንቺም ልጅ አንገቱ ደርቋል። ልነግርሽ ነው የመጣሁት።"

ከድጃ መሮጥ ስትጀምር ነጠላዋ አጥሩ ላይ ቀረ። በእግሯ ሥር መንገድ ይኑር አይኑር አታውቅም። ሲስተር ወይንሸት ለሁለተኛው ዙር ልትነጋገር ያን ቀን መጥታ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንደነበረች ሰምታለች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ሲስተሯ ከጠረጴዛው ወዲህ ተቀምጣለች፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ጓድ አሳምነው። ከበሩ አጠገብ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጥበቃ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ስምንት ወር የሸሸቻቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ክፍል ተሰብስበው ጠበቋት።

"ልጄ ታሟል" አለች።

"የትኛው?" አለ ጓድ አሳምነው። "ያንቺማ ሦስቱም ሲከተቡ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ከድጃ ትንፋሿን ሰበሰበች።

"አወል።"

አብዮት ጥበቃው ከግድግዳው ተላቀቀ።

"ወንጂ ነው ስትይን አልነበር?" አለ ሊቀ መንበሩ፣ ቀስ ብሎ፣ እየጣመው።

"ወንጂ አይደለም። ከገደሉ ሥር ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ። ወላሂ፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱት። ብቻ ይዳን። ከዳነ ውሰዱት!"

ሲስተር ወይንሸት ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ደርሳ ነበር። ቁልቁለቱን አብረው ሮጡ። መሀል መንገድ ላይ ሲስተሯ እያለከለከች "ጭሱ" አለች። "አዎ" አለች ከድጃ። ሲስተር ወይንሸት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ለከድጃ ይቀላት ነበር።

አወል ከወርቅዬ ጎጆ፣ ከምድጃው ማዶ ተኝቶ እናቱን አላወቃትም። ግንባሩ እሳት ነው። ሲስተሯ ቂጡ ላይ ዘይት የመሰለ ወፍራም መድኃኒት ወጋችው። ከድጃ እግሩን ይዛ ተቀመጠች። በዚያው ጎጆ፣ በሌላው ጥግ፣ በሰሌን የተጠቀለለ አጭር ነገር ነበር። ከድጃ ያን ሰሌን ላለማየት ብትሞክርም ጎጆዋ ጠባብ ናት፤ የትም ብታይ ይታያል። ወርቅዬ ውኃ በዋንጫ ቀድታ ሰጠቻት። ከድጃ ተቀብላ ጠጣች።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደለት። በአምስተኛው ተነሥቶ ተቀመጠ፣ ቆሎ አማረኝ አለ። ሲናገር ይጮኻል። እናቱ "ቀስ በል" ብትለው አፏን አፏን እያየ "ምን?" ይላል። አሁንም "ምን?"። ሲስተር ወይንሸት ከጀርባው ሆና ሁለት ማሰሮ አጋጨች። አወል ቆሎውን መቆርጠሙን ቀጠለ።

"በሽታው አንዳንዴ እንዲህ አድርጎ ይለቃል" አለች ሲስተሯ፣ ከድጃን ሳታያት። "ቢከተብ ኖሮ ባልያዘውም ነበር" የሚለውን አልጨመረችም። መጨመር አላስፈለገም።

ሁለተኛው ዙር ሲደርስ የዊጆውን ቅል ይዛ ወደ ገደሉ የወረደችው ከድጃ ራሷ ናት። ሴቶቹ ተንሾካሾኩ፤ ከድጃ ሰምታ እንዳልሰማች አለፈች። ቅሉን ከወርቅዬ ፊት አስቀመጠች፣ ባቄላ ዘረገፈች፣ እንዴት እንደሚቆጠር ነገረቻት። ወርቅዬ ቅሉን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ ከድጃን አየቻት። ያን አስተያየት ከድጃ ታውቀዋለች፤ እሷው ራሷ ሲስተር ወይንሸትን ያየችበት ነው።

"ምን ልታደርጉበት ነው ቁጥራችንን?" አለች ወርቅዬ። "እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆን አያውቅም።"

"ተጠይቆ ነበር" አለች ከድጃ። "የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ማን ቀረ አለችኝ፤ ማንም አልቀረም አልኩ። ልጄ እንዳይገኝብኝ ብዬ።"

ወርቅዬ ከባቄላው ሦስት አነሣች። ሁለቱን ቅሉ ውስጥ ጣለች። ሦስተኛዋን በጭቃማ መዳፏ ላይ ትንሽ ይዛ ቆየችና የከድጃን እጅ ስባ አስጨበጠቻት።

"ይቺን አንቺ ያዢያት" አለቻት።

ጓድ አሳምነው የከድጃን ቃል አልረሳም። አወል መራመድ እንደቻለ በአብዮት ጥበቃ አስይዞ ለምልመላው ወደ ሆሳዕና ላከው። ከድጃ ተከትላ ሄደች። ሐኪሙ ከኋላው ቆሞ አጨበጨበ፣ ብረት መታ፣ ጮኸ። ከዚያ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጻፈና "ውሰጂው፣ ለዚህ አይሆንም። ዳግመኛ የሚጠይቅሽ የለም" አላት። አላህን ስምንት ወር የለመነችው ይኼንኑ ቃል ነበር። እንዲያው ቃል በቃል።

ከሆሳዕና ሲመለሱ ቀኑ የገበያ ቀን ሆነ። አወል አህያዋን እየነዳ ፊት ፊት ይሄዳል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው መሀል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ። ኳስ ይታደላል ከተባለበት ቀን ወዲህ እንዲህ ሄዶ አያውቅም። ከዋርካው ሲደርሱ አንድ የቅቤ ጥቅል ከአህያዋ ጀርባ ተንሸራቶ ወደቀ። ከድጃ ልጇን ስምንት ወር ከሹክሹክታ በላይ ጠርታው አታውቅም፤ በጨለማ፣ በጆሮው፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር የምትጠራው። አሁን የምትፈራው ሰው አልነበረም። ባላት ድምፅ ሁሉ "አወል!" አለች።

ቅቤ ሻጮቹ ዞሩ። ጨው የሚሰፍሩት ዞሩ። ከቀበሌው ሱቅ በር ጓድ አሳምነው እንኳ ዞሮ አየ። አወል ብቻ አህያዋን እየነዳ መንገዱን ቀጠለ።